መልኩ ለምን ሥራ ነው?

«ዘር ያለው ውሻ» የሚለውን አነጋገር በከተማ ያልሰማ የለም። በአጥርና በመብራት እንጨት ላይ «ዘር ያላቸው ቡችሎች ይሸጣሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይታያል፤ ዘር ያለው የተባለውም ከውጭ አገር የመጣው የፈረንጅ ውሻ ነው። በአባቶቻችን ደጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ የሚያድረው የአበሻ ውሻ በዚህ አነጋገር ዘር የሌለው ሆኖ ይቀራል። እናትና አባት ሳይኖረው እንደ እንጉዳይ ከመሬት የበቀለ አስመሰሉት።

እኛ በአንድ የመኝታ ክፍል የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ነን። አንዳችን የላይ ጋይንት ልጅ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው የስማዳ ቆላ ልጅ ነው፤ ሦስተኛው የእስቴ ነው። ስለዚህ ቃል የጀመርነው ጨዋታ ወደ ክርክር ተለወጠ፤ ክርክሩም ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰደን። እንስሳ በመልኩ እንዴት እንደሚመዘን፣ መመዘኛውን ማን እንደሚያወጣው፣ የእኛ አገር ሰውስ የራሱን እንስሳ በምን ሚዛን እንደሚመዝን ስንመረምር ያገኘነውን ለአንባቢ ማካፈል መልካም መስሎናል። የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1859 ኒውካስል በተባለው ከተማ የውሻ ውድድር ተደረገ። ለውድድሩ የቀረቡት ለወፍ አደን የሚያገለግሉ ሁለት ዓይነት ውሾች ብቻ ነበሩ፤ ላሸነፉት ውሾች ባለቤቶች የተሰጠውም ሽልማት ጠመንጃ ነበር። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን። ሽልማቱ ጠመንጃ መሆኑ፣ የውሻው መልክ ይመዘን የነበረው ስለ ሥራው እንደ ነበረ ያመለክታል። ከዚያ በኋላ በ1873 በሎንዶን የውሻ ክበብ ተቋቋመ፤ በ1884 አሜሪካኖች የራሳቸውን አቋቋሙ፤ በ1911 ደግሞ የአውሮፓ ክበቦች ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ክበቦች ለእያንዳንዱ ዘር መመዘኛ ጽፈው አስቀመጡ። መመዘኛው ስለ ራስ፣ ስለ ዐይን፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ አንገት፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ደረት፣ ስለ ጀርባ፣ ስለ ኋላ እግር፣ ስለ መዳፍ፣ ስለ ጅራት፣ ስለ ጠጉር፣ ስለ ቁመትና ስለ አረማመድ በየተራ ይናገራል፤ ጉድለት የሚባለውንም ይዘረዝራል።

የዳኝነቱም ሥርዐት እንዲህ ነው። ዳኛው ውሻን ከውሻ ጋር አያወዳድርም፤ እያንዳንዱን ውሻ በጽሑፍ ከተቀመጠው ሥዕል ጋር ያስተያየዋል እንጂ። ከሁሉ ይበልጥ ወደ ሥዕሉ የቀረበው ያሸንፋል። ዳኛው በዐይኑ ብቻ አይፈርድም፤ ጠጉር ብዙ ነገር ስለሚሸፍን በእጁ ይዳስሳል። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውንና የጎድን አጥንቱን ይለካል፤ ወገቡን ይጫናል። ከዚያም ባለቤቱ ውሻውን እየሳበ ወደ ፊት እንዲሮጥና እንዲመለስ ያዛል። ይህ ሁሉ ምክንያት አለው። የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ የተጋደለ ውሻ የፊት እግሩን አርዝሞ ስለሚዘረጋ ብዙ መንገድ ሄዶ ቶሎ አይደክምም። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ ለሳንባውና ለልቡ ስፍራ አለው። እስከዚህ ድረስ ፈረንጆቹ የሠሩት ሥራ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ቀርቶ ሥዕሉ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ቡልዶግ ከተባለው ውሻ ታሪክ እንማራለን። ይህ ውሻ ጥንት የታሰረ በሬ እንዲነክስ የሚለቀቅ ነበር። ያ ጭካኔ የተሞላበት ጨዋታ በ1835 በሕግ ተከለከለ። ውሻው ሥራውን ፈታ፤ መልኩ ግን በመመዘኛ ተጽፎ ቀረ። ዳኞችና አርቢዎች ጠፍጣፋ አፍንጫና ትልቅ ራስ ማራኪ ሆኖ ስለታያቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ አፍንጫው እየገባ፣ ራሱ እየገዘፈ ሄደ። ዛሬ ብዙው ቡልዶግ በሙቀት ቀን አየር ያጥረዋል፤ የቡችሎቹም ራስ በእናታቸው ማሕፀን በር ለማለፍ ይቸገራል። በ2010 በእንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ጥናት ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆነው የቡልዶግ ወሊድ በቀዶ ጥገና እንደሚፈጸም አሳይቷል። በ2008 ስለዚህ ዓይነቱ ጉዳት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም ከታየ በኋላ ትልቅ ወቀሳ ተነሥቶ ክበቡ የብዙ ዘሮችን መመዘኛ አሻሽሏል። እንግዲህ ራሱን ችሎ መተንፈስና መውለድ የተሳነው እንስሳ «ዘር ያለው» ሲባል፣ ዘር የሚለው ቃል ምን ማለቱ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ወደ አፍሪካ ያቀርበናል። በ1922 ቡላዋዮ በተባለው ከተማ፣ በያኔዋ ሮዴዥያ፣ የነጭ ሰፋሪዎች ተሰብስበው ሪጅባክ ለተባለው የአንበሳ አደን ውሻ መመዘኛ ጻፉ። የዚህ ውሻ ልዩ ምልክት በጀርባው ላይ ያለው መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ጠጉሩ ከሌላው ጠጉር በተቃራኒ ወደ ፊት ይተኛል፤ በአንደኛው ጫፍም ሽክርክሪት አለው። ይህን መስመር ያወረሱት በደቡብ አፍሪካ የኮይኮይ ሕዝብ ሲያረቧቸው የኖሩት ውሾች ናቸው፤ ማለትም ዛሬ የከተማ ሰው «ዘር የሌለው» የሚለው ዓይነት የአፍሪካ ሰው የደጅ ውሻ የዚህ «ዘር ያለው» ውሻ አያት ነው። ነገር ግን መስመሩ አንበሳ ለማደን አንዳች አይረዳም። እንዲያውም በ2007 የወጣ ጥናት መስመሩን የሚያመጣው የዘር ለውጥ ከቆዳው እስከ አከርካሪው ድረስ ሊዘልቅ ለሚችል የቀዳዳ በሽታ እንደሚያጋልጥ አስረድቷል። ሆኖም መስመር ሳይኖረው የተወለደ ቡችላ፣ ሌላው አካሉ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ይገደል ነበር።

ይህን ስናነብ የጋይንቱ ጓደኛችን «ይህማ የእኛ አገር ምልኪ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። በእኛም አገር የበቅሎውን ወይም የበሬውን የጠጉር ሽክርክሪት አይቶ «ይህ ገደኛ ነው፤ ያኛው ግን ገፊ ነው፤ ባለቤቱን ያደኸያል» የሚል ሽማግሌ አልጠፋም። ስለዚህ እኛ ሦስታችን በመልክ መመዘን የሚባለውን ነገር በሦስት ከፈልነው። አንደኛው የሥራ ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው የውበት ነጥብ ነው፤ ሦስተኛው የገድ ነጥብ ነው። ሦስቱም በፈረንጅም በአበሻም ዘንድ አሉ። ልዩነቱ ፈረንጅ ሦስቱንም ጽፎ ማስቀመጡ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ውሻ እንመለስ። ለእርሱ የተጻፈ መመዘኛ የለም፤ ሥራ ግን አለው። ሦስታችን ስለየአገራችን ውሻ ስንከራከር አንድ ነገር ገባን፤ እያንዳንዳችን የምናወድሰው ሌላ ሌላ ውሻ ነበር። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ተራራ ነው፤ የዚያ አገር ልጅ ጠጉሩ ወፍራም የሆነውን፣ ሌሊት በበግ በረት አጠገብ ውጭ አድሮ ጅብን የሚመልሰውን ውሻ ያደንቃል። የስማዳው ጓደኛችን ግን በአባይና በበሽሎ ገደል በኩል ባለው ቆላ ጠጉራም ውሻ ምን ያደርጋል ይላል፤ እርሱ የሚሻው ቀጠን ብሎ እግሩ የረዘመውን፣ ከማሽላው ማሳ ዝንጀሮና ጦጣ የሚያባርረውን ነው። የእስቴው ደግሞ ጉልበቱንም ፍጥነቱንም ትቶ ድምፁን ያነሣል፤ ለዘመድ አንድ ዓይነት፣ ለባዕድ ሌላ ዓይነት የሚጮኸውን፣ ባለቤቱ ከአልጋው ሳይወርድ የመጣውን ሰው ማንነት የሚገምትበትን ይመርጣል። ሦስት አገር፣ ሦስት ሥራ፣ ሦስት መመዘኛ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ሕግ ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ «ዘር የለውም» የሚለው ፍርድ ከእውነት የራቀ ነው።

እርግጥ ነው፣ የእኛ ሰው ውሻውን አይዳስስም። ውሻ ርኩስ ነው ስለሚባል ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይጠበቃል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን የሚቆጥርለትም የለም። ነገር ግን ያ በእንግሊዝ የሚታየው የዳኛ እጅ በእኛም አገር አለ፤ ያለውም በበግ ገበያ ላይ ነው። በነፋስ መውጫ ወይም በደብረ ታቦር ገበያ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ገዢው ወደ በጉ ቀርቦ በመጀመሪያ እጁን በወገቡ ላይ ያሳርፋል፤ አጥንቱ በሥጋ መሸፈኑን ይፈትናል። ቀጥሎ ላቱን ይይዛል፤ ክብደቱን ይገምታል። ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ የወተት ጥርሱ መለወጡንና አለመለወጡን ያያል፤ በዚህም ዕድሜውን ያውቃል። በመጨረሻም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አቋቋሙን ይመለከታል። በውሻ ውድድር ስሙ የገነነ ዳኛ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

በአገራችን ያለው በግ ፋርጣ በግ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጎረቤታችን ከፋርጣ ነው። ላቱ አጭርና ሰፊ ነው፤ አውራው ቀንድ አለው፤ ቀለሙ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ወይም የተቀላቀለ ይሆናል። ይህን በግ በሦስቱ ነጥቦቻችን እንፈትነው። ላት የሥራ ነጥብ ነው፤ ሣር በጠፋ ጊዜ በጉ የሚኖርበት የስብ ጎተራ ነውና። ወፍራም ጠጉርም የሥራ ነጥብ ነው፤ በጉን ከውርጭ ይጠብቃል፤ ተሸልቶም ባናና በርኖስ ይሆናል። የቀንዱ መልክ የውበት ነጥብ ነው ብንል የሚቃወመን አይበዛም። ጥቁረት ግን የገድ ነጥብ ነው። ለዓውደ ዓመት የሚገዛ ሰው ጥቁሩን በግ ስለሚሸሸው ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሥጋው ከነጩ ሥጋ በምንም አይለይም። ይልቁንም ጥቁሩ በግ የሚሰጠው ጠጉር ቀለም ሳይነከር ጥቁር በርኖስ ይሠራል። ባለበርኖሱ ሰው በገበያ ቆሞ ጥቁሩን በግ ሲንቅ ብናየው ብንገረም ይፈረድብናል?

ከሁሉ የሚከፋው ግን የገድ ነጥብ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው መልካሙን በትክክል መርጦ መልካሙን ማጥፋት ነው። በእንግሊዝ አገር ዳኛው የመረጠው ውሻ ዘር እንዲያወርስ ይደረጋል። በእኛ ገበያ ግን ከሁሉ የተመረጠው ጠቦት ወደ ቢላዋ ይሄዳል። ፋሲካ ወይም ዘመን መለወጫ ሲደርስ ከመንጋው ቶሎ ያደገው፣ ወገቡ የሞላው፣ ላቱ የሰፋው ዓመት ሳይሞላው ይሸጣል። ከቤት የሚቀረው ገዢ ያልፈለገው ነው። ከሴቶቹ በጎች ጋር የሚውለውም እርሱ ነው። አንድ አውራ ለብዙ እናቶች ስለሚበቃ የእርሱ ድክመት በአንድ ዓመት ውስጥ በመንጋው ሁሉ ይሠራጫል። የእንስሳት ሊቃውንት ይህን የተገላቢጦሽ ምርጫ ይሉታል፤ በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታ የታየ ነገር ነው።

ገበሬውን ግን ለመውቀስ አንቸኩል። እኛ ሦስታችን እረኞች ነበርን፤ ከመንጋው የትኛው ጠቦት እንደሚያምር ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነበርን፤ ስምም የምናወጣለት እኛ ነን። ያ ጠቦት በገመድ ታስሮ ወደ ገበያ ሲነዳ አባቶቻችንን «ለምን ይህን? ያኛውን አይሸጡትም?» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ ያኛውን ማን ይገዛዋል?» ይሉን ነበር። መልሱ ትክክል ነው። የማዳበሪያው ዕዳ፣ ግብሩ፣ የክረምቱ ቀለብ ደካማውን በግ ሸጦ አይሞላም። በዚያ ገንዘብ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ጋር የእኛ ደብተርና የእኛ ጫማ ተገዝቷል። እዚህ የመኝታ ክፍል ድረስ ያደረሱን እነዚያ ምርጥ ጠቦቶች ናቸው። ከየመንጋው የወጣው መልካም ዘር በእኛ ትምህርት ተለውጧል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የቤተ መጻሕፍት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ያለብን ውለታ ነው።

መፍትሔ የለውም እንዳይባል ከእኛው ክልል፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ምሳሌ እናመጣለን። በ2009 የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የመንደር የበግ እርባታ ማኅበራት እንዲጀመሩ አደረጉ። በመንዝ የተደረገው በአጭሩ ይህ ነው። የበጎቹ ጆሮ ላይ ቁጥር ይደረጋል፤ ጠቦቱ ሲወለድ፣ ጡት ሲተውና ስድስት ወር ሲሆነው ይመዘናል፤ ክብደቱ በመዝገብ ይጻፋል። የመምረጫው ቀን ሲደርስ በመዝገቡ የተሻሉት ወንዶች ጠቦቶች ተሰብስበው ይቀርባሉ። ከዚያ በኋላ የሚፈርዱት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የመረጧቸው ገበሬዎች ናቸው፤ ላቱን፣ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ አቋሙን አይተው ይመርጣሉ። የተመረጠው አውራ ለመንደሩ መንጋ ሁሉ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ይሰባል ወይም ይሸጣል። ባለቤቱም እንዳይጎዳ የተመረጠውን አውራ ማኅበሩ በተዘዋዋሪ ገንዘብ የሚገዛበት ዘዴ ተበጅቷል። በዚህ ዳኝነት መዝገብም አለ፤ የገበሬው እጅና ዐይንም አለ፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም። አባት ጥሩውን ጠቦት ሳያጣ ገንዘቡን ያገኛል ማለት ነው።

ወደ እኛው አገር ስንመጣ ደግሞ ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከጎጃም በኩል ዋሸራ የተባለው በግ አውራ ወደ ፋርጣና ወደ ላይ ጋይንት መጥቶ ከፋርጣው እናት ጋር ተዳቅሏል፤ የመጣውም የሥጋውን ክብደት እንዲጨምር ነው። ዋሸራ ግዙፍ ነው፤ ጠጉሩ አጭር ነው፤ ቀንድ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። እኛ ይህን አንቃወምም። ነገር ግን የሚወለደው ጠቦት በምን ይመዘን? በክብደት ብቻ ከተመዘነ ያሸንፍ ይሆናል። በጉና ውርጭ ሌሊት፣ በባናና በበርኖስ ሚዛን ሲመዘንስ? ይህን ለመፍረድ አስቀድሞ የፋርጣ በግ መልክ ነጥብ በነጥብ ከነምክንያቱ ሊታወቅ ይገባል። ያለዚያ ምን እንዳገኘን እንጂ ምን እንዳጣን አናውቅም።

አንዳንድ ወንድሞች «ሰው በሚቸገርበት አገር የበግና የውሻ መልክ ምን ያደርጋል?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የሚቸገረው ሰው ባንኩ በጉ ነው፤ ዘበኛው ውሻው ነው። የባንክ ቤት ልጅ የገንዘቡን ዋጋ ሲያጠና የማይነቀፍ ከሆነ፣ የገበሬ ልጅም የበጉን ወገብ ቢያጠና ሊነቀፍ አይገባም። ሌላው ደግሞ «ይህ የእርሻ ኮሌጅ ሥራ ነው» ይላል። የሊቃውንቱን ሥራ እናከብራለን፤ ነገር ግን አባቶቻችን በእጃቸው የያዙትን ዕውቀት ከአፋቸው ለመቀበል ከእኛ የቀረበ ማን ነው?

ስለዚህ በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እኛ ሦስታችን ይህን ልንሠራ ተስማምተናል፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶችም እንድትተባበሩን እንለምናለን። እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን በየመንደራችን በበግ መምረጥ የታወቁትን ወንዶችና ሴቶች እንጠይቃለን። ሴቶች ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትኛዋ እናት በግ ወተቷ እንደሚበዛ፣ የትኛዋ መንታ እንደምትወልድ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ እናቶቻችን ናቸው። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው። ለዘር የሚቀረውን አውራ በምን ይለዩታል? ያ ምልክት ለምን ሥራ ይጠቅማል? የሚያምር ነገር ግን ምንም የማይሠራ ምልክት የትኛው ነው? ገፊ የሚባለውስ የትኛው ነው፤ በእርግጥ ገፍቶ ያየ ሰው አለ? ባለፈው ዓመት ከመንጋው መጀመሪያ የተሸጠው ጠቦት የትኛው ነበር፤ ከቤት የቀረውስ? በመጨረሻም በደጃቸው ያለውን ውሻ ለምን እንደ መረጡት እንጠይቃቸው።

መልሱን በግራው ገጽ ምልክቱን፣ በቀኙ ገጽ ሥራውን እያደረግን እንጽፋለን። የቀኙ ገጽ ባዶ የሆነበት ምልክት ባዶ መሆኑ ሳይሸፈን እንዲሁ ይቀመጥ። የተሰበሰበውን አስማምተን በዚሁ መጽሔት ገጾች እንድናቀርበው አዘጋጆቹ ፈቅደውልናል።